የቦረናን መሬት ካርታ ላይ ስታሰፍሩ

ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በደቡብ ኢትዮጵያ ካሉት የቦረና አርብቶ አደሮች ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ በሉ። አፈሩ ላይ በዱላ ይሳሉላችሁ፤ ኤላውን (የውሃ ጉድጓዱን) በጠጠር፣ የከብቱን መንገድ በአመድ ያሳዩ። እናንተ ፎቶ አንሱና ዝም በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ወሰኑ የት ነው?" ሳይሆን "ዝናብ ሲጠፋ ከብቱ ወዴት ይሄዳል?" ይሁን።

ምክንያቱም ቦረና የሚታለቡትን ላሞች (ዋራ) ሰፈር አካባቢ ያቆያል፣ የቀረውን መንጋ (ፎራ) ደግሞ ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይሰዳል። በአንድ ወቅት ብቻ ከለካችሁ፣ ለድርቅ ተብሎ የተጠበቀው ሣር ካርታው ላይ "ባዶ መሬት" መስሎ ይቀራል። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፤ ባዶ የተባለ መሬት ነገ ለሌላ ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(5) አርብቶ አደሩ ለግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ሁለት ካርታ ሥሩ፦ አንዱ የበጋ፣ ሌላው የዝናብ።

ሴቶቹን ለብቻቸው ጠይቁ። ጎጆውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ እንጨቱ፣ ሣሩ፣ የጥጆቹ መኖ የት እንዳለ ወንዶቹ የማይነግሯችሁን ይነግሯችኋል።

ከዚያ በኋላ አብራችሁ እየሄዳችሁ በጂፒኤስ ነጥብ ያዙ። ኤላ ስትደርሱ ግን ነጥብ ብቻ አይበቃም። የየትኛው ጎሳ ነው? አባ ኮንፊው (ኤላውን ያስቆፈረው ወይም ወራሹ) ማን ነው? የማጠጣቱን ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋስ? ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃውን እየዘፈኑ ይቀባበላሉ፤ ያ ዘፈን የሥራው ምት ነውና ከሥራው ሳትነጥሉ እዚያው ቅዱት። ፈቃድ አስቀድሙ፣ መንገድ አትዝጉ፣ "እስቲ ድገሙልን" አትበሉ። ማታ ለአዛውንቶቹ አሰሟቸውና ትርጉሙን ጠይቁ። መጀመሪያ በራሳቸው ኦሮምኛ፣ ልክ እንዳሉት ጻፉት፤ የአማርኛው ትርጉም ከሥር ይከተል። ቀኑን፣ ቦታውንና፣ ከፈቀዱ፣ የተናጋሪውን ስም ወዲያው መዝግቡ፤ ስም የሌለው ቅጂ ከዓመታት በኋላ ማን እንደተናገረው የሚያውቅ አይኖርም።

መቃብርና የአምልኮ ቦታ ሲሆን ነጥቡን ኢንተርኔት ላይ ከመጫናችሁ በፊት ሁለቴ ጠይቁ። "ይቅር" ካሉ ይቅር፣ አትከራከሩ።

ካርታውን ጨርቅ ወይም ትልቅ ወረቀት ላይ አትማችሁ፣ ድምፁን በሚሞሪ ካርድ ገልብጣችሁ እዚያው ተዉላቸው። ዝናቡ ሲመጣ ተመለሱ፣ ሁለተኛው ካርታ ይቀራችኋል።