ህትመቱ ላይ ስቀባ ፎቶው እንዳይለቅ ያደረግሁት

መንዝ ውስጥ ያነሳሁት የድንጋይ ቤት ፎቶ ሁለት ሳምንት አደከመኝ። ጣራው የጓሳ ሣር ነው። ፎቶውን አትሜ ህትመቱ ላይ የሚታየውን የቤቱን ግድግዳ አክሪሊክ ቀለም ስቀባ ጥቁሩ እየለቀቀ ድንጋዩን ሁሉ አጨቀየው። ያን የመሰለ የድንጋይ አደራደር ሲበላሽ አንጀቴ አረረ።

ጥፋቱ የህትመቱ ነበር። የኔ ኢንክጄት ፕሪንተር ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል። ሌዘር ፕሪንተር ግን ቶነር የሚባለውን የፕላስቲክ ዱቄት በሙቀት ወረቀቱ ላይ ያጣብቀዋል፤ ውሃ አያሟሟውም። ደብረ ብርሃን ሄጄ ወፈር ባለ ወረቀት በሌዘር አሳተምኩት። ስቀባው ንቅንቅ አላለም!

ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። የቀባሁትን ስካን አድርጌ ፎቶሾፕ ላይ ከዋናው ፎቶ ጋር ስደርበው አልገጠመም። ወረቀቱ በእርጥበት ተጣሟል። አሁን ከማሳተሜ በፊት አራቱም ማዕዘን ላይ ትንሽ የመስቀል ምልክት አደርጋለሁ። ወረቀቱን ዙሪያውን ጣውላ ላይ በፕላስተር ለጥፌ እቀባለሁ፤ በደንብ ሳይደርቅ አልነቅለውም። ስካኑ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ነው። የተቀባውን ሌየር (ከፎቶው በላይ የሚደረበውን ምስል) መልቲፕላይ በሚባለው የማዋሃጃ ዘዴ ላይ አድርጌ፣ ማዕዘን እየጎተተ በሚያስተካክለው ዲስቶርት ምልክቶቹን አንድ በአንድ አገጥማለሁ። መልቲፕላይ ነጩን ስለሚያጠፋው የድንጋዩ ስንጥቅ ከቀለሙ ስር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰማዩን አልነካሁትም። የመንዝ ሰማይ እንዳለ ያምራል።