በጅማ እርጥበት የእንጨት ካያክ መሥራት፦ ችግርና መፍትሄ

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። መገጣጠሚያ የለውም፣ ኮላም አይፈልግም። ከግንድ የሚፈለፈለው ታንኳም እንደዚያው ነው። በግቢያችን የምንሠራው ዘመናዊ ካያክ፣ ማለትም ከላይ የተሸፈነ ጠባብ ጀልባ፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ መገጣጠሚያ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚያው መገጣጠሚያው ላይ ነው።

እዚህ የማወራው ላዩ ክፍት ስለሆነው ጀልባ ስለ ካኑና ስለ ካያክ ቅይጥ ነው። ሆዱ እንደ ካኑ ሰፋ ይላል፣ ከላይ እንደ ካያክ ደክ የሚባል መሸፈኛ አለው፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ ይቀዘፋል። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ተቆርጦ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል። ከዚያ ስፌቱ ኢፖክሲ በሚባለው፣ ከማጠንከሪያ ጋር ሲደባለቅ በሚደርቅ ሙጫና በፋይበር ግላስ ጨርቅ ይታሸጋል። አናጢ መሆን ግድ አይልም። ትዕግሥት ግን ግድ ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ጅማ ላይ ሥራው እምቢ ሲላችሁ እጃችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት እርጥበቱን ጠርጥሩ። ከተማዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ኢፖክሲው ጣሳ ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለ25 ዲግሪ ሙቀት የተሰላ ነው። አብዛኛው ጣጣ ከዚህ ልዩነት ይመጣል።

ኮምፔርሳቶው ውሃ ሲነካው ይላጣል

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለቁም ሳጥንና ለኮርኒስ የሚሸጠው ኮምፔርሳቶ ንብርብሩ የተጣበቀው ውሃ በማይችል ኮላ ነው። ሻጩ «ውሃ አይነካውም» ቢላችሁም በቃል አትመኑ። መዳፍ የምታክል ቁራጭ ለምኑ። ቤት ወስዳችሁ፣ ምግብ በማትሠሩበት ድስት አንድ ሰዓት ቀቅሏት። አድርቁና እንደገና ቀቅሏት። ከዚያ ጠርዟን በቢላ ጫፍ ፈልቅቁ። ንብርብሩ ከተከፈተ ያ ኮምፔርሳቶ ለጀልባ አይሆንም። ለፎርማ መቁረጫ ተጠቀሙበት።

የተቆረጠውን ጠርዝም ልብ ብላችሁ እዩ። በመካከለኛው ንብርብር ክፍተት ካለ፣ ስታጥፉት የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው።

«በኢፖክሲ ከለበጥኩት ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ያመጣል። አንድ ድንጋይ ሆዱን ሲጭረው ውሃው ይገባል፣ ንብርብሩም ከውስጥ ይለቃል። ከውጭ አታዩትም። የምታውቁት ወለሉ ከእግራችሁ ሥር ሲልም ነው።

የጠርዙ እንጨት ከተጣበቀ በኋላ ተሰነጠቀ

በጀልባው ጠርዝ ዙሪያ የሚሄዱት ቀጫጭን ጣውላዎች ርጥብ ሆነው ከተጣበቁ ሲደርቁ ይሸበሸባሉ፣ ይሰነጠቃሉ። እኛ አገር ጣውላ ከመጋዝ እንደወጣ ነው የሚሸጠው። እንጨት እንደ ቡና ነው፤ ቀስ ብሎ፣ አየር እያገኘ ካልደረቀ ጥሩ አይወጣም። ጥላ ቦታ፣ በመሃሉ ቁራጭ እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩት። መድረሱን ለማወቅ አንዱን ቁራጭ በትንሽ ሚዛን መዝኑ። ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል።

የትኛው እንጨት? የፈረንጅ ጥድ ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ በቀላሉም ይገኛል። እኔ እሱን እመርጣለሁ። ባህር ዛፍ ከባድ ነው፣ መጣመምም ይወዳል። ዋንዛ ቆንጆ ነው፣ ግን ከተፈጥሮ ደን መቁረጡ የተከለከለ ነው። ሕጋዊ ምንጩ ካልታወቀ ይቅርባችሁ።

ሰፍቼ ስጨርስ ጀልባው ተጣሟል

ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ፈልጉ። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ በጀልባው ላይ አግድም አስቀምጡ። ራቅ በሉና አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የፊተኛውን ከኋለኛው ጋር አስተያዩ። ትይዩ ካልሆኑ ሆዱ ተጠማዟል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጀልባው የተቀመጠበት መቆሚያ እኩል አይደለም፣ ወይ ሽቦው በአንድ ጎን ብቻ ጠብቋል። መጀመሪያ መቆሚያዎቹን በሊቬሎ አስተካክሉ። ከዚያ ሽቦዎቹን በሙሉ ላላ አድርጉና ከመሃል ጀምራችሁ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ፣ በፒንሳ እያጠበቃችሁ ሂዱ። ዘንጎቹን ደጋግማችሁ እዩ።

ኢፖክሲ ከገባ በኋላ ካያችሁት ሥራው ይከብዳል፣ ግን አልመሸም። ደኩ እስኪገጠም ድረስ ሆዱ ትንሽ ይታዘዛል። በተቃራኒው አቅጣጫ አጣማችሁ በክብደት ያዙትና ደኩን እንደዚያው አጣብቁት። ደኩ አንዴ ከተጣበቀ ግን የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። ስለዚህ ደክ የምታጣብቁበት ቀን አትቸኩሉ። ሌላውን ሁሉ አቻኩሉ፣ ይህን ግን ተዉት።

ኢፖክሲው አልደርቅ አለ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስለቅሰው ይህ ነው። መጀመሪያ እንዴት እንዳልደረቀ ለዩ። ጥፍራችሁን ጫን አድርጉበት።

ጥፍር በየቦታው ከገባ ልኬቱ ተሳስቷል። የኢፖክሲና የማጠንከሪያው መጠን ቁርጥ ነው። አንዳንዱ በክብደት፣ አንዳንዱ በይዘት ይለካል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጣሳው ላይ የትኛው እንደሆነ አንብቡ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ጋራዥ ውስጥ ለመኪና አካል የሚጠቀሙበት ፖሊስተር ሬዚን ነው። የእሱ ማጠንከሪያ በጣም ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ሲጨምሩበት ቶሎ ይደርቃል። ያንን የለመደ ሰው ኢፖክሲ ላይም ማጠንከሪያ ያበዛል። ኢፖክሲ ግን ሲበዛበት አይፈጥንም፤ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሆኖ ከለሰለሰ አማሰሉ አልተዳረሰም። በኩባያው ግድግዳና ጥግ ላይ የቀረውን እየጠረጋችሁ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ አማስሉ።

በሙሉ ጠጣር ሆኖ ትንሽ ብቻ ከተጣበቀ ብርዱ ነው። ቤቱን አሙቁትና አንድ ቀን ስጡት።

ታዲያ ቤቱን በከሰል እንዳታሞቁት። ከሰሉ የሚያወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ለኢፖክሲውም ጠላት ነው፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ። የቆየ የክር አምፖል ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሻላል። አሴቶንና ቲነር ግን አጠገቡ አይድረሱ።

ለስላሳውን ኢፖክሲ በሌላ ኢፖክሲ አትሸፍኑት። ሥሩ እንዳለ ይቀራል። በስፓቹላ ፋቁት፣ በአሴቶን ጥረጉት፣ አድርቁና እንደገና ቀቡ። ጓንት አድርጉ። እጃችሁን በአሴቶን አትታጠቡ፤ በሳሙና ይለቃል። ብዙ ኢፖክሲ በጠባብ ኩባያ ውስጥ ካቆያችሁ ይግላል፣ ይጨሳል። ሰፊ ትሪ ላይ ገልብጡት።

ደርቋል፣ ግን ላዩ ሰም የተቀባ ይመስላል

ጠዋት መጥታችሁ በጣታችሁ ስትነኩት ያሟልጫል። በጎን ብርሃን ስታዩት ፈዘዝ ብሏል፤ ጣታችሁ ያለፈበት መስመር ይታያል። ይህ የጅማ ክረምት ዋናው ችግር ነው። ማጠንከሪያው በአየር ውስጥ ካለው እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይህን ቅባት ላዩ ላይ ያወጣል። ከሰል የከለከልኳችሁ ለዚህም ጭምር ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይጨምራል።

ብዙ ሰው ቶሎ ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል። ወረቀቱ ወዲያው ይደፈናል፤ ቅባቱም ወደ ውስጥ ይገፋል። ደግነቱ ቅባቱ በውሃ ይለቃል። ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሻካራ ስፖንጅ በቂ ነው። እሹት፣ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉት፣ አድርቁት። ብርጭቆ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ኋላ ቫርኒሹ አልደርቅ ይለዋል፣ ወይም ቀለሙ እንደ ላስቲክ ይላጣል። ቫርኒሹን ይወቅሳል፤ ጥፋተኛው ግን ሥሩ ያለው ቅባት ነው።

ከጨርቁ ሥር አረፋ ይወጣል

እንጨት ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በርጥቡ ኢፖክሲ በኩል ይወጣል። ጠዋት ቀብታችሁ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው የሚሆነው ይህ ነው። መቀባት ያለበት እንጨቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ ይመጣል። ስለዚህ ቤቱን ከጠዋት ጀምራችሁ አሙቁት፣ ማሞቂያውን ትንሽ ቀንሱና ቀቡ፤ ዝናቡ ሲመጣ በርና መስኮት የተዘጋ ይሁን። የደረቀውን አረፋ በምላጭ ከፍታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ሙሉት።

ውሃ ያስገባል

ውሃ ላይ ሆናችሁ ቀዳዳ አትፈልጉ። ጀልባውን መቆሚያ ላይ አስቀምጡና ውስጡ ሁለት ሦስት ጣት የሚደርስ ውሃ ጨምሩበት። ውጪውን አድርቃችሁ ደረቅ ዱቄት ነስንሱ። ዱቄቱ የረጠበበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስገባው ሆዱ አይደለም። የብሎን ቀዳዳ ነው፣ ወይ የመቀመጫው ዙሪያ ነው፣ ወይ ሽቦው የወጣበት ቦታ ነው። የብሎኑን ቀዳዳ በሰፊው ብሱና በኢፖክሲና በተነፋ ሰጋቱራ ስቱኮ ሙሉት። ሲደርቅ መሃሉን እንደገና ብሱ። ብሎኑ ያኔ እንጨቱን አይነካም።

ከፊትና ከኋላ የታሸጉ የአየር ክፍሎች ካሉ ሌላም ነገር አለ። ጀልባው መኪና ላይ በፀሐይ ሲግል አየሩ ይሰፋና ስፌቱን ይገፋል። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲወርድ ደግሞ ይሰበሰባል፣ ውሃ ይስባል። በመከፋፈያው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ባለ 2 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ። በቃ።

ውሃ ላይ ይዋልላል፣ አቅጣጫም አይዝም

ለሙከራ ጅማ አጠገብ ወዳለው የቦዬ ረግረግ አትሂዱ፤ ጉማሬ አለበት። የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ሰፊ ነው። ግን የኃይል ማመንጫ ውሃ ስለሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ስለ ጉማሬም የአካባቢውን ሰዎች ሳትጠይቁ አትግቡ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳይለበስ ሙከራ የለም።

ከተዋለለ መቀመጫውን ዝቅ አድርጉ። የካኑ መቀመጫ ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ሆድ ላይ ግን አይሠራም። ከወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጀምሩ። ሁለት ሴንቲ ዝቅ ማለቱ ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ነፋስ ሲነሳ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ከዞረ የኋላው ቀሎታል። መቀመጫውን ወይም ዕቃውን ወደ ኋላ ውሰዱ። ከነፋሱ ከሸሸ ወደ ፊት። ለዚህ ነው ውሃ ላይ ሳትሞክሩ መቀመጫ አታጣብቁ የምለው። ክብደት አዛውራችሁ ካልተስተካከለ፣ ከኋላ ከሆዱ ሥር ቀጭን ክንፍ ግጠሙለት።

መቅዘፊያው ጠርዙን የሚመታ ከሆነ አጭር ነው። ለዚህ ስፋት ከ230 እስከ 250 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል።

ቀለሙ ፈዘዘ፣ ውስጡ ሸተተ

ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም። ጨረሩ ያደርቀዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል፣ ኋላም ይፈረፍረዋል። የጨረር መከላከያ ያለው ቫርኒሽ ወይም ቀለም ያስፈልገዋል፤ የቤት ዕቃ ቫርኒሽ አይበቃም። የእኔ ምክር ሆዱን ነጣ ባለ ቀለም መቀባት፣ እንጨቱ እንዲታይ የምትፈልጉትን ደኩን ብቻ ቫርኒሽ ማድረግ ነው።

ሽታው ደግሞ የታፈነ ውሃ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የዕቃ ማስገቢያውን ክዳኖች ክፈቱ፣ ውስጡን በጨርቅ አድርቁ፣ ከዚያ ከጣሪያ ሥር ገልብጣችሁ ሁለት ቦታ ላይ አሳርፉት። በሸራ አትጠቅልሉት። ክዳኖቹ እስከሚቀጥለው ጉዞ ክፍት ይሁኑ፤ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ሸፍኑባቸው።