እሳቱን ከመለኮስ በፊት ማንን እንጠይቅ? ከአርንሄም ላንድ የሚቀዳ የመሬት እንክብካቤ

መሬት እንንከባከብ ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ ከጭራው ይጀመራል። ፕሮጀክት ይቀረጻል፣ በጀት ይመደባል፣ ባለሙያ ይመጣል፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ "በሉ እንግዲህ ማህበረሰቡን እናሳትፍ" ይባላል። በሰሜን አውስትራሊያ፣ በምዕራብ አርንሄም ላንድ የሚኖሩት የቢኒንጅ አቦርጂናሎች (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ይህን ገልብጠውታል። መሬቱን የሚንከባከቡት ትልቅ ሰደድ እሳት እንዳይነሳ ቀድመው በትንሽ በትንሹ በማቃጠል ነው። እነሱ ዘንድ ሥራውም ውሳኔውም የባለመሬቶቹ ነው፤ ባለሙያው ነው ተጋብዞ የሚመጣው።

ይህን የምጽፈው በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ለምትሠሩ፣ ወይም የራሳችሁን አካባቢ መሬት በራሳችሁ መምራት ለምትፈልጉ ነው። ለእኛም ሩቅ ወሬ አይደለም። ቦረና ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) አርብቶ አደሩ ግጦሹን በእሳት ማደሱ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦ ሜዳውን ወርሶታል፤ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ያ ክልከላ ነው። ብቻ አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ክብሪት ይዛችሁ እንዳትወጡ። ማቃጠሉ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

መሬቱ የማን ነው?

"የአካባቢው ሕዝብ ነው" የሚለው መልስ አይበቃም። በአርንሄም ላንድ እያንዳንዱ ቦታ የታወቀ ጎሳ አለው። ርስቱ የሚወርደው በአባት በኩል ነው። ነገር ግን ባለርስቱ ብቻውን አይወስንም። ጁንግካይ የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ እናታቸው የዚያ ጎሳ ልጅ የሆነች ማለት ነው። የእነሱ ድርሻ የእናታቸውን አገር መጠበቅ፣ ሥርዓቱ እንዳይጣስ መከታተል ነው። ባለርስቱ እዚህ እናቃጥል ቢል፣ ጁንግካዩ እዚያ ጋ የማይነካ ቦታ አለ ብሎ ሊያስቆመው ይችላል። ይህ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ ነገር ነው፦ ባለቤቱንና ተቆጣጣሪውን ለይተው፣ ሁለቱንም በዝምድና አስረዋቸዋል። የእህት ልጅ አጎቱን ይቆጣጠራል፣ እሱ ራሱ ደግሞ በአባቱ መሬት ላይ ሌላ ተቆጣጣሪ አለው።

እናንተም ስትጠይቁ ሁለት ጥያቄ ያዙ። ባለቤቱ ማነው? ያለ እሱ ፈቃድ የማይሆነውስ ማነው? ሴቶቹን ለብቻ ጠይቁ፤ ሴቶች ብቻ የሚያውቋቸውና የሚጠብቋቸው ቦታዎች አሉ፣ ወንዶቹን ብቻ ጠይቆ የሄደ ሰው የካርታውን ግማሽ ይዞ ነው የሚመለሰው። ስብሰባውን ከተማ አዳራሽ ውስጥ አታድርጉት። እዚያው መሬቱ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ በራሳቸው ቋንቋ ይሁን። ጊዜ ይፈጃል፣ ይፍጅ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ በብዙ የአቦርጂናል ማህበረሰቦች የሞተ ሰው ስምና ፎቶ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አይነሳም። ሪፖርት ስትጽፉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰው ወደ መሬቱ ይመለስ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአርንሄም ደጋማው ድንጋያማ አገር ሰው አልባ ሆኖ ነበር። ሰዉ ወደ ሚሲዮን ጣቢያዎችና ወደ ከተሞች ሄደ። በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ የሚያቃጥለው ሰው ሲጠፋ ሣሩ ተከማቸ፣ በበጋው መጨረሻ ሰደድ እሳት እየተነሳ ያገኘውን ሁሉ ይበላ ጀመር። አንቢኒክ የሚባለው፣ ከዚያ አካባቢ ውጪ የማይበቅለው ትልቅ ዛፍ ሳይቀር ነደደ። በዋሻዎቹ ያሉት የጥንት ሥዕሎችም አደጋ ላይ ወደቁ።

ባርዳያል ናጃመሬክ የተባሉት ታላቅ ሽማግሌና ሠዓሊ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ አባቶቻቸው አገር ተመልሰው ካቡልዋርናምዮ ላይ ሰፈሩ። ሥራው የተነሳው ከዚያ ነው። ሰው የማይኖርበትን መሬት በመኪና እየተመላለሱ መጠበቅ አይቻልም። ሰው ይኖር ዘንድ ደግሞ ልጆቹ የሚማሩበት ያስፈልጋል፤ ካቡልዋርናምዮ ላይ በ2015 ትምህርት ቤት የተከፈተው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ስለ እሳት በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ምን አገባው ካላችሁ፣ ልጇን የምታስተምርበት ያጣች እናት ከተማ ትገባለች፣ መሬቱም ይቀራል።

ጊዜውን ማወቅ

ቢኒንጆች ዓመቱን በስድስት ወቅት ይከፍሉታል። ለማቃጠል የሚጀመረው ዬኬ በሚባለው፣ ዝናቡ ባበቃበትና ቅዝቃዜው በገባበት ወቅት ነው፤ በእኛ ግንቦትና ሰኔ ገደማ። እኛ ክረምት ስንገባ እነሱ በጋ ይገባሉ።

በዚያ ሰዓት መሬቱ ገና እርጥበት አለው። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሣር ከላይ ደርቋል፣ ከሥሩ ግን አረንጓዴነቱ አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ ይለኮሳል። እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ ሰው አጠገቡ እየሄደ ሊከተለው በሚችል ፍጥነት ይሄዳል፤ የዛፉን ቅጠል አይደርስበትም፣ ግንዱን ጥቁር አድርጎ ያልፋል። ሲመሽ ነፋሱ ይረግባል፣ ሌሊት ጤዛ ይወርዳል፣ እሳቱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ጠዋት ላይ የተቃጠለና ያልተቃጠለ መሬት እንደ ተጣፈ ጨርቅ ተሰባጥሮ ይታያል። የሚፈለገውም ይኸው ነው። በኋላ በኩሩንግ፣ በሞቃቱ ወቅት፣ መብረቅ ወይም ቸልተኛ ሰው እሳት ቢያስነሳ የተቃጠለው ጥብጣብ ያስቆመዋል። አንቢኒክ ያለበትን ቦታና ሥዕል ያለበትን ዋሻ ዙሪያ ቀድመው ያጸዱታል። ዛሬ በእግር እየተጓዙም፣ ከሄሊኮፕተር ተቀጣጣይ ነገር እየጣሉም ያቃጥላሉ፤ ግን የት ይቃጠል የሚለውን የሚወስኑት የመሬቱ ሰዎች ናቸው።

ወረቀቱና ገንዘቡ

አርንሄም ላንድ በሚገኝበት በኖርዘርን ቴሪቶሪ ግዛት በ1976 የወጣው የአቦርጂናል የመሬት መብት ሕግ አርንሄም ላንድን የማይሸጥ የጋራ ይዞታ አድርጎ ለባለርስቶቹ አጽንቶላቸዋል። ይህ ባይኖር ሌላው ሁሉ በፈሰሰ ውሃ ላይ ግንባታ ነበር። በዚህ ላይ ደግሞ ባለርስቶቹ በፈቃዳቸው መሬታቸውን የጥበቃ ቦታ ብለው የሚያውጁበት መንገድ አለ። መንግሥት ይደግፋል፣ ባለቤትነቱ ግን አይነካም። የመጀመሪያው በ1998 በደቡብ አውስትራሊያ የታወጀው ናንታዋሪና ነው፤ እዚሁ ምዕራብ አርንሄም ላንድ ያለው ዋርዴከን ደግሞ በ2009 ታወጀ፣ ስፋቱ 1.4 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው።

ገንዘቡስ? የበጋ መጨረሻ ትልቅ እሳት ብዙ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ማለትም ምድርን የሚያሞቁ ጋዞች፣ ወደ አየር ይለቃል። ቀድሞ ዝቅ ባለው፣ ቀዝቃዛ በሚባለው እሳት ማቃጠል ይህን ይቀንሳል፣ የተቀነሰው ይለካል፣ የራሱን ልቀት ማካካስ ለሚፈልግ ኩባንያ ይሸጣል። በ2006 ዳርዊን ከተማ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካ ከነበረው ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ 28,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ላይ በዓመት 100,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ልቀት ለመቀነስ፣ በምላሹ በዓመት 1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ። የጥበቃ ሠራተኞቹ ደመወዝ ከእንዲህ ዓይነቱ ሽያጭና ከመንግሥት ድጋፍ ይወጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ገንዘቡ መሪ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ገዢ የሚቆጥረው ቶን ነው፣ ሽማግሌው የሚቆጥረው የካንጋሮ ዱካ፣ የፍሬ ዛፍና የምንጭ ውሃ ነው። ስምምነት ስትፈርሙ የሽማግሌውም ቆጠራ በውሉ ውስጥ ይግባ።

ሠራን ካሉ በኋላ ማየት

የሳተላይት ካርታ የት እንደተቃጠለ ይነግራል። ምን እንደተረፈ ግን አይነግርም። ስለዚህ በዋርዴከን ዳሉክ፣ ማለትም ሴት የጥበቃ ሠራተኞች፣ ጫካ ውስጥ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ይተክላሉ፤ ሌሊት የሚወጡትን ትናንሽ እንስሳት ይቆጥራሉ። ውጤቱን ስታገኙ ከለጋሹ በፊት ለሽማግሌዎቹ አሳዩ። ፎቶውን አትማችሁ መሬት ላይ ዘርጉላቸው፣ የእንስሳውን ስም በራሳቸው ቋንቋ ይጥሩት። ያን ቀን የሚነሳው ጨዋታ ነው የሚቀጥለውን ዓመት የማቃጠያ ካርታ የሚያወጣው፤ ጸሐፊ ይኑር፣ ባለርስቱም ጁንግካዩም ይገኙ፣ ካርታውም ዬኬ ከመግባቱ በፊት ይለቅ።