የስልክ ማከማቻ ቮልቴጅ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ እንዴት ይጻፋል?

ስታዲየም አካባቢ ባለችው ጠባብ የጥገና ክፍሌ፣ ባለቤቶቻቸው ተስፋ የቆረጡባቸውን ስልኮች በሊኑክስ ከርነል (ሃርድዌሩን በሚያዘው የስርዓቱ እምብርት) አስነሣለሁ። ከሥራው ሁሉ እጄን የሚይዘኝ ለማከማቻው ቺፕ የሚላከው ቮልቴጅ ነው። ስክሪን ባይበራ ነገ ይስተካከላል፤ ማከማቻው ከተቃጠለ ግን የሰው ፎቶግራፍ አብሮ ይሄዳል።

መጀመሪያ ስልኩ ከፋብሪካ የወጣበትን ዲቫይስ ትሪ፣ ማለትም የስልኩን ክፍሎች ለከርነሉ የሚዘረዝረውን ፋይል፣ አውጡና ዲቲሲ በተባለው መሣሪያ ወደሚነበብ ጽሑፍ መልሱት። ቮልቴጁ በማይክሮቮልት ተጽፏል፤ 2950000 ማለት 2.95 ቮልት ነው። ከሌላ ስልክ አትገልብጡ። ፕሮሰሰራቸው አንድ ቢሆንም ማከማቻቸው ሊለያይ ይችላል፤ ዩኤፍኤስ በተባለው የማከማቻ ደረጃ፣ የ2.1 ቺፕ ዋና የኃይል መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከ2.7 ቮልት በታች አይወርድም፣ ከዩኤፍኤስ 3.0 ወዲህ ግን በ2.5 ቮልት የሚሠሩ መጥተዋል።

ለእያንዳንዱ ሬጉሌተር (ለቺፑ ቮልቴጅ መጥኖ ለሚሰጠው ክፍል) ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ይጻፍለታል። ባለፈው ክረምት በአንድ ስልክ ላይ ወሰኑን አስፍቼ ከ2.5 እስከ 3 ቮልት ጻፍኩ፤ ከርነሉ የሚስማማውን ይመርጣል ብዬ ነበር። አይመርጥም። በአዳዲስ የኳልኮም ስልኮች ከርነሉ የሬጉሌተሩን ቮልቴጅ ማንበብ ስለማይችል በዝቅተኛው ወሰን ያስጀምረዋል። 2.95 የሚጠብቀው ቺፕ 2.5 ደረሰውና ማከማቻው ጨርሶ አልታየም። ሁለት ሌሊት ጥፋቱን ሌላ ቦታ ስፈልግ አነጋሁ።

ስለዚህ ለዋናው መስመር ሁለቱን ወሰኖች እኩል አድርጉ። ቁጥሩ ግን ሬጉሌተሩ ሊሰጠው የሚችለው መሆን አለበት። ብዙዎቹ በ8 ሚሊቮልት ደረጃ ስለሚራመዱ 2950000 አይገጥምላቸውም፤ 2952000 ይገጥማል። የማይገጥም ቁጥር ከጻፋችሁ ሬጉሌተሩ በከርነሉ ዘንድ አይመዘገብም።

የሜሞሪ ካርድ የምልክት (የዳታ) መስመር ቮልቴጅ ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። ፈጣን ካርዶች በከፍተኛው ቮልቴጅ ጀምረው ወደ 1.8 ስለሚወርዱ፣ ከ1.8 እስከ 2.96 ያለውን ስፋት ተዉለት።

ቮልቴጁ ልክ ሆኖ ትልቅ ፋይል ሲጻፍ ብቻ ማከማቻው ከጠፋ፣ ሬጉሌተሩ በቁጠባ ሁኔታ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ መነሻ ሁኔታውን ወደ ሙሉ ኃይል ቀይሩት።

ከርነሉ ሲነሣ በዲበግ ማውጫው (ከርነሉ የውስጥ ሁኔታውን በሚያሳይበት ፎልደር) ውስጥ ያለውን የሬጉሌተር ማጠቃለያ አንብቡ። እሱ የሚነግራችሁ ከርነሉ ያዘዘውን ነው፤ የደረሰውን የሚነግራችሁ መልቲሜትር ነው። የቆርቆሮ ክዳኑን አንሥታችሁ ከቺፑ አጠገብ ባለው ካፓሲተር ላይ ለኩ። እኔ ቀላል ባቡሩ በድልድዩ ላይ አልፎ ጠረጴዛዬ እስኪረጋ ጠብቄ ነው የመልቲሜትሩን ጫፍ የማሳርፈው፤ እዚያ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር መሳት ሁለት መስመሮችን ያገናኛል።