የትኛው ከተማ ያድጋል? ስንገምት የምንሠራቸው ስህተቶች

በጎንደር ፒያሳ ቡና ቤቶች ከፖለቲካ ቀጥሎ የማያረጅ ወሬ ቢኖር «ገንዘብ ብታገኝ የት ከተማ ላይ ታውለዋለህ?» የሚለው ነው። አንዱ ባሕር ዳር ይላል፤ ሌላው ደብረ ብርሃን፤ ሰሞኑን ሐዋሳ ደርሶ የመጣው ሐዋሳን ያወድሳል። ጎንደርን የሚጠራ ከተገኘ ወይ የሚሸጥ ቦታ ያለው ነው ወይ ደላላ። ክርክሩ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ውጭ አገር ያለች እህት የላከችው ገንዘብ፣ የዓመታት ዕቁብና የሰሊጥ ትርፍ በዚሁ ወሬ ተመርቶ መሬት ይገዛበታል። ደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች እነሆ።

ፎቅ መቁጠር

ፎቅ የሚያሳየው ትናንት የነበረውን ገንዘብ ነው። አንድ ሕንፃ ተጀምሮ እስኪያልቅ ዓመታት በሚፈጅበት አገር፣ ዛሬ የሚመረቀው ሁሉ የታቀደው ገበያው ሌላ መልክ በነበረው ጊዜ ነው። በዚያ ላይ የዋጋ ንረት ሲበረታ ብሩን ባንክ ከማስቀመጥ ይልቅ ብሎኬት አድርጎ መደርደር የሚመርጥ ይበዛል። ስለዚህ የሕንፃ ብዛት የተከራይ መብዛትን ሳይሆን የብር መርከስን ሊነግረን ይችላል። ከተማውን ማታ ዞር ዞር እያላችሁ እዩት። ምድር ቤቱ ባንክና ካፌ ሆኖ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ መስኮቱ ሁሉ ጨለማ ከሆነ፣ ያ ሕንፃ ስለ ነገ የሚናገረው ነገር የለም።

ታሪክን ዋስትና ማድረግ

ይህ የእኛ የጎንደሬዎች ሕመም ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ከተማዋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የአገሪቱ ዋና ከተማ ሆና ኖራለች። በ1859 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ዘረፋትና አቃጠላት፤ በ1880 ዓ.ም. የሱዳኑ ደርቡሽ ገብቶ የተረፈውን አነደደው፤ ሥልጣኑም ወደ ሸዋ ሄደ። የሁለት መቶ ዓመት ክብር በሃያ አንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ተናደ። ይህን የሚያውቅ ሰው «ጎንደር እኮ ጎንደር ናት» በሚል ንግግር ቦታ አይገዛም።

ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ደስ ይላል። ሆኖም ቅርስ እንጀራ የሚሆነው እንግዳ ሲመጣ ነው። ኮሮና፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የክልሉ ግጭት ሲከታተሉ፣ ለቱሪስት የተሠራ ሆቴል ምን እንደሚመስል አይተናል። በእነዚያ ዓመታት ከተማዋን ደግፎ የያዛት ሌላ ነገር ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው፣ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋምና ሆስፒታሉ። ከቋራ፣ ከአርማጭሆ፣ ከመተማ በሽተኛ ይመጣል፤ አስታማሚው አልጋ ይከራያል፣ ምሳ ይበላል፣ መድኃኒት ይገዛል። ሕመም እንደ ቱሪስት ወቅት አይመርጥም። የከተማን ዕድል የሚመዝን ሰው «ይህ ከተማ ክፉ ቀን ሲመጣ በምን ይበላል?» ብሎ ቢጠይቅ ከማንኛውም የጉብኝት መጽሔት የተሻለ መልስ ያገኛል።

ያረጀ ቁጥር መጥቀስ

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጎንደር 207,044፣ ባሕር ዳር 155,428 ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ቆጠራ አልተካሄደም። «እነርሱ በልጠውናል»፣ «እኛ እንበልጣለን» እየተባለ የሚጠቀሰው ሁሉ ግምት ነው። ደግሞም ሰው ተፈናቅሎ የተጠለለበት ከተማና ሰው ሥራ ፈልጎ የገባበት ከተማ በቁጥር ሲታዩ እኩል ያደጉ ይመስላሉ።

ውኃውን ሳይጠይቁ መወሰን

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ጎንደርን ለመረዳት ቤተ መንግሥቱን ትታችሁ የቤቶቹን ጣሪያ ተመልከቱ። በየጣሪያው የተሰቀለው ሮቶ ቧንቧው በየቀኑ እንደማይመጣ ይመሰክራል። ከተማዋ ለዓመታት የተመካችበት የአንገረብ ግድብ በታረሰና በተራቆተ ተዳፋት ሥር ያለ ነው። በየክረምቱ የሚወርደው ደለል የግድቡን ሆድ እየሞላ ውኃ የሚይዝበትን ቦታ ሲቀማው ኖሯል። ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ሕዝቡ ግን ከጉድጓዱ ፈጥኖ በዝቷል። ለመጠጥም ለመስኖም የታሰበው የመገጭ ግድብ ደግሞ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሲጓተት ቆይቷል።

የውኃ ፈረቃው የሚያደርሰው ጉዳት በጀሪካን ወረፋ ብቻ አያበቃም። ሆቴሉ ውኃ በቦቴ ገዝቶ ዋጋውን አልጋው ላይ ይጨምራል። ዳቦ ቤቱ፣ ልብስ አጣቢው፣ ክሊኒኩ፣ የሚገነባው ቤት ሳይቀር ያንኑ ወጪ ይሸከማሉ። ብዙ ውኃ የሚፈልግ ፋብሪካ ደግሞ አጥንቶ ይሄዳል፤ ለምን እንደሄደም ለማንም አይናገርም። በዚህ ረገድ ጣና ዳር የተቀመጠችው ባሕር ዳር ትሻላለች የሚሉ ወዳጆቼ አይሳሳቱም፤ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ግን ቧንቧ፣ ፓምፕና መብራት አለ ማለት አይደለም። የትኛውም ከተማ ብትሄዱ ደላላውን ተዉትና ጠላ የምትጠምቀውን ሴት ጠይቁ። ያለ ውኃ ሥራዋ ስለሚቆም «በበጋ በየስንት ቀኑ ይመጣል?» ብትሏት አትዋሻችሁም።

ከተማን ከመንገዱ ነጥሎ ማየት

ድሬዳዋ የተወለደችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ስለደረሰባት ነው። አዳማም ዛሬ የጂቡቲው የባቡር መስመርና የፍጥነት መንገዱ የሚገናኙባት ስለሆነች ማንም ሳያሞግሳት ትሰፋለች። አብዛኛው የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በጂቡቲ በኩል እስካለፈ ድረስ፣ ለረጅም ጊዜ አስተማማኝ ዕድል ያላቸው ከተሞች የትኞቹ ናቸው ብትሉኝ እነዚያን በዚያ መስመር ላይ የተሰለፉትን እጠራለሁ። ጎንደሬ ሆኜ ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም።

የእኛ መንገድ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ነው። ሰሊጡና ጥጡ በዚያ ይበቅላል፤ በመኸር ጊዜ የከተማዋ ነጋዴ ፊቱ የሚፈካው በዚያው ምክንያት ነው። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ግን የድንበሩ ንግድ ተናጋ፤ በአገር ውስጥም መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ጭነቱ ይቆማል። ሱዳን ሰላም ብትሆንና የመተማ መስመር ቢረጋጋ ጎንደር አሁን ከምንገምተው በላይ ታድጋለች ብዬ አምናለሁ። ይህ «ቢሆን» ግን ከማዘጋጃ ቤቱ አቅም በላይ ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ይህን ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት።

በአንድ ፋብሪካ ከተማ መምረጥ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት በአካባቢው የቤት ኪራይ ናረ፤ ቦታም ተወደደ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስታስወጣ፣ በፓርኩ ትልቅ ስም የነበረው የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች አስቀድሞ መውጣቱን አስታውቆ ነበር። ሐዋሳ ሐይቁም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ገበያውም ስላላት አልወደቀችም። ሌላ ምንም የሌላት ከተማ ብትሆን ኖሮ የዲትሮይት ዕጣ ይደርሳት ነበር። ያቺ የመኪና ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ2010 ከ700 ሺህ ብዙም አልዘለለችም።

የመሠረት ድንጋይን እንደ ተሠራ መቁጠር

የባቡር መስመር በካርታ ላይ ተሰምሯል ማለት ባቡር አለ ማለት አይደለም። ከአዋሽ ወደ ወልዲያ ተጀምሮ ለዓመታት የተጓተተውን የባቡር መስመር የሚያስታውስ ያስታውሳል። የተለቀቀ በጀትና ሥራ ላይ ያለ ማሽን ካላያችሁ ዋጋ አትጨምሩበት።

«ከተማው ካደገ እኔም አተርፋለሁ» ማለት

የከተማ ቦታ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሊዝ ሥርዓት መጥቷል። ስለዚህ የምትገዙት የመጠቀም መብት ነው፤ የጊዜ ገደብና የመገንባት ግዴታም አለበት። በጎንደር ዳርቻ፣ በአዘዞና በጠዳ፣ «የገበሬ ቦታ ነው፣ በቅርቡ ወደ ከተማ ይገባል» እየተባለ ያለ ካርታ የሚሸጠውን ተመልከቱ። ከተማው በእርግጥ ሊደርስበት ይችላል። ሲደርስ ግን በፕላኑ ላይ መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ሆኖ ከተገኘ፣ ዕድገቱ ራሱ ቤታችሁን ያፈርሰዋል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፕላኑን እዩ። በፕላን ውስጥ ያለ ቦታም ቢሆን «ያድጋል» የሚለው ተስፋ ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ስለተጨመረ፣ ትርፉን ሻጩ ወስዶታል። ሆስፒታሉ አጠገብ ለአስታማሚዎች አልጋ ለማከራየት ወይም ንጹሕ ምግብ ቤት ለመክፈት ግን ጎንደር ባሕር ዳርን መብለጥ አያስፈልጋትም፤ ሮቶውን ትልቅ አድርጋችሁ ግዙ እንጂ።