ነርቭን በገዛ ገላችሁ አጥኑት

ደሴ ውስጥ የጤና ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ነርቭ ላይ ስንደርስ ሁሉም ሽምደዳ ይጀምራል። እኔ ደብተር አስዘጋለሁ። ክር፣ ሜትርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ አብሽሩ።

መጀመሪያ ድንበሩን ያዙ። ራስ ቅል ውስጥ ያለው አንጎልና አከርካሪ ውስጥ ያለው ህብለ ሰረሰር ማዕከላዊው ክፍል ናቸው። ከአጥንቱ ወጥቶ ወደ ፊት፣ ወደ እጅ፣ ወደ አንጀት የሚሄደው የዳር ነርቭ ይባላል።

አሁን 45 ሴንቲ ሜትር ክር ቁረጡ። የአዋቂ ህብለ ሰረሰር በግምት ይህን ያህል ነው። ከጓደኛችሁ ራስ ቅል ግርጌ ጀምራችሁ በጀርባው ወደ ታች ልቀቁት። 1ኛው ወይም 2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያልቃል። አከርካሪው ግን ይቀጥላል፤ ከዚያ በታች ውስጡ ያለው የነርቭ ሥሮች ጥቅል ነው። ሐኪም ከጀርባ ፈሳሽ ሲቀዳ ከ3ኛው የወገብ አጥንት በታች የሚወጋው ለዚህ ነው። «ሽባ ያደርጋል» እያለ የሚፈራ ዘመድ ካላችሁ ክሩን አሳዩት።

ቁጥሩን መሸምደድ ግን አይቀርም። ከአንጎል 12 ጥንድ፣ ከህብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ይወጣል፦ የአንገት 8፣ የደረት 12፣ የወገብ 5፣ ሳክራል (ከወገብ በታች ያለው የዳሌ መሃል አጥንት) 5፣ የጭራ 1። የአንገት አጥንት 7 ሆኖ ነርቩ 8 የሆነው የመጀመሪያው ከ1ኛው አጥንት በላይ፣ ስምንተኛው ከ7ኛው በታች ስለሚወጣ ነው።

ክንድ ላይ ቀስ በሉ። ከ5ኛው የአንገት እስከ 1ኛው የደረት ያሉት ነርቮች አንገትና ብብት መካከል ይቀላቀላሉ። ደሴ መናኸሪያን አስቡ፦ ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከኮምቦልቻ የመጣው ተሳፋሪ ተደባልቆ በሌላ መኪና ይወጣል። እዚህም የሚወጡት ነርቮች አዲስ ስም አላቸው። ክርናችሁን ከውስጥ በኩል ነካ አድርጉ። የሚነዝራችሁ አልናር የሚባለው ነርቭ ነው። በእስክሪብቶ እስከ ትንሿ ጣትና እስከ ቀለበት ጣት ግማሽ አስምሩት። በመዳፍ በኩል የቀሩትን ጣቶች ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ይዟል። ከአውራ ጣት ጀርባ ያለው የራዲያል ነርቭ ነው።

የጦሳ ተራራ ብርድ ፀጉራችሁን ሲያቆመው ደግሞ ሳታዙት የሚሠራውን ሲምፓቴቲክ የሚባል ነርቭ አስታውሱ። እሱ የሚነሳው ከደረትና ከላይኛው ወገብ ነው፤ ከአንገት አትፈልጉት።

ፈተና ላይ የእይታ ነርቭ (ኦፕቲክ) ከመጣ ተጠንቀቁ። ከ12ቱ ጋር ይቆጠራል እንጂ የተሠራው ከአንጎል ቲሹ ነው፤ ስለዚህ ማዕከላዊ ውስጥ ይገባል።