ከሙያችን ውጭ የሆነን ጥናት እንዴት አንብበን እንመዝን? ከሥራ አመራር፣ ከገመድ አልባ ግንኙነትና ከአፍላ ወጣቶች ሥነ ምግብ በተወሰዱ ምሳሌዎች

አንድ ጥናት «የአለቃ የአመራር ዘይቤ የሠራተኛውን እርካታ ይወስናል» ይላል። ሌላው አዲስ የሲግናል ማቀነባበሪያ ስልት የገመድ አልባ ግንኙነትን በ3 ዴሲቤል አሻሻለ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ቁርስ የማይበሉ አፍላ ወጣቶች ለደም ማነስ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም ሠንጠረዥና ቁጥር አላቸው፤ የቆሙበት ማስረጃ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ሰዎች ስለ ራሳቸው በሰጡት መልስ ላይ፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን (እውነታውን አስመስሎ በሚሠራ ስሌት) ላይ፣ ሦስተኛው በሚዛን፣ በደም ጠብታና ሰው ትናንት የበላውን በማስታወስ ችሎታ ላይ የተመሠረተ ነው።

እንዲህ ያለውን ጥናት ለመመዘን የዘርፉን ትምህርት ከሥሩ መጀመር አያስፈልግም። ቁጥሩ ከየት መጣ፣ ማን ለካው፣ በምን ለካው የሚለውን መከታተል ግን የግድ ነው። ለአንድ ጽሑፍ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይመድቡ፤ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ካልኩሌተር ያዘጋጁ።

1. የንባቡን ቅደም ተከተል ይቀይሩ

አጠቃሎውን አንድ ጊዜ ያንብቡና ወደ መግቢያው የመጨረሻ አንቀጽ ይለፉ፤ የጥናቱ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኛል። ቀጥሎ የጥናት ዘዴውን፣ ከዚያ ሠንጠረዦቹንና ሥዕሎቹን ይመልከቱ። መደምደሚያውን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። መደምደሚያውን ቀድሞ ያነበበ ሰው ሠንጠረዡ ውስጥ የሚያየው የተነገረውን ብቻ ነው።

ዘዴውን እንዳነበቡ ጥያቄውን በራስዎ አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። አራት ነገሮች ይኑሩት፦ ማን ወይም ምን ተጠና፣ ከምን ጋር ተነጻጸረ፣ ምን ተለካ፣ መቼ ወይም ለምን ያህል ጊዜ። ለምሳሌ «ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 የሆኑ ተማሪ ልጃገረዶች፤ ቁርስ የሚበሉት ከማይበሉት ጋር፤ የሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚ የደም ፕሮቲን) መጠን፤ በአንድ ቀን የተወሰደ ልኬት።» ከአራቱ አንዱ ባዶ ከቀረ ዘዴውን ደግመው ያንብቡ። አሁንም ካልተገኘ ጉድለቱ የጽሑፉ እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ ባዶውን እንደ ጉድለት መዝግበው ይቀጥሉ።

2. መለኪያውን ይመርምሩ

ካለዎት ጊዜ ግማሹን እዚህ ላይ ያውሉት። ስታቲስቲክሱ የቱንም ያህል ቢረቅ የተበላሸን ልኬት አያቃናም።

በሥራ አመራር ጥናት መለኪያው በአመዛኙ መጠይቅ ነው፤ «በጣም አልስማማም» ከሚለው እስከ «በጣም እስማማለሁ» ባለ 5 ደረጃ መልስ የሚሞላ። መጀመሪያ መጠይቁ ከዚህ በፊት በሌሎች ጥናቶች የተፈተሸ ይሁን ወይም ለዚህ ጥናት የተፈጠረ ይለዩ። ቀጥሎ ክሮንባክ አልፋ የሚባለውን ቁጥር ይፈልጉ። 0.70ና ከዚያ በላይ ሲሆን እንደ በቂ ይቆጠራል። ይህ ቁጥር የሚናገረው ጥያቄዎቹ አብረው እንደሚሄዱ ነው፤ የታሰበውን ነገር በትክክል ስለመለካታቸው ምንም አይልም። የጥያቄዎች ብዛት ሲጨምርም አልፋው አብሮ ከፍ ይላል፤ ከ0.95 ካለፈ አንዱ ጥያቄ በሌላ ቃል እየተደጋገመ እንደሆነ ይጠርጥሩ።

የዚህ ዘርፍ ትልቁ ወጥመድ ግን ሌላ ነው። አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ስለ አለቃውም ስለ እርካታውም ከጠየቁት፣ የዚያ ቀን ስሜቱ ሁለቱንም መልሶች አንድ ላይ ያነሳቸዋል ወይም ይጥላቸዋል። በመሃላቸው የሚታየው ግንኙነት ከፊሉ የስሜቱ ነው። መድኃኒቱ መረጃውን ከሁለት ምንጭ መውሰድ፣ ሁለቱን ጥያቄዎች በሳምንታት ልዩነት መጠየቅ፣ ወይም እንደ ቀሪ ቀናትና ሥራ መልቀቅ ያሉ መዝገቦችን መጠቀም ነው። ከሦስቱ አንዱም ካልተደረገ ውጤቱን «ሠራተኞቹ ይህን ይሰማቸዋል» ከሚለው በላይ አያራቁት።

በገመድ አልባ ግንኙነት መጀመሪያ የሚጠየቀው ውጤቱ በመስክ የተለካ ነው ወይስ በሲሙሌሽን የተገኘ የሚለው ነው። ሲሙሌሽን ከሆነ የቻናሉን (ሲግናሉ ከላኪ ወደ ተቀባይ የሚያልፍበትን መንገድ) ሞዴል ስም ይመዝግቡ። ተራ ኖይዝ (ሲግናሉን የሚረብሽ ጫጫታ) ብቻ ያለበት ቻናል ለማንኛውም ስልት ቀላል ፈተና ነው፤ እንደ ሬይሊ ፌዲንግ ያለው፣ ሲግናሉ በብዙ መንገድ ተንጸባርቆ የሚደርስበትና ኃይሉ የሚዋዥቅበት ሞዴል ይከብዳል። ተቀባዩ የቻናሉን ሁኔታ ፍጹም ያውቃል ተብሎ ከታሰበም ያስምሩበት፤ በእውነተኛ መሣሪያ ላይ ይህ ግምት ስህተት ስለሚኖረው ከተጻፈው ጥቅም የተወሰነው ይጠፋል።

ቁጥሮቹን ለማንበብ ጥቂት ነገር ይበቃል። 3 ዴሲቤል ማለት ኃይሉ 2 እጥፍ ገደማ፣ 10 ዴሲቤል ማለት 10 እጥፍ ነው። ዴሲቤል የሁለት ነገሮች ንጽጽር ሲሆን፣ ዲቢኤም ግን ከ1 ሚሊዋት አንጻር የተነገረ የኃይል መጠን ነው፤ 0 ዲቢኤም 1 ሚሊዋት፣ −30 ዲቢኤም ደግሞ 1 ማይክሮዋት። ሁለቱን ያደባለቀ ሥዕል ካዩ ተጠንቅቀው ያንብቡ።

አንድ ፈጣን ማጣሪያም አለ። የመረጃ ንድፈ ሐሳብ መሥራቹ ክላውድ ሻነን በ1948 ያሳየው ወሰን የአንድ ቻናል ከፍተኛ ፍጥነት በባንድዊድዙ፣ ማለትም በሚይዘው የፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ እና በሲግናልና ኖይዝ ምጥጥኑ እንደሚወሰን ይናገራል። ለ20 ሜጋኸርትዝና ለ20 ዴሲቤል ምጥጥን ስሌቱ በሰከንድ 133 ሜጋቢት ገደማ ይሰጣል። በላኪም በተቀባይም አንድ አንድ አንቴና ያለው ግንኙነት በዚሁ ሁኔታ 200 አገኘሁ ካለ፣ ያልተነገረ ነገር አለ። ብዙ አንቴና ካለ ግን ይህን ቁጥር ማለፍ ይቻላል።

የስህተት መጠንን በሚመለከት ደግሞ የተላከውን የቢት ብዛት ይፈልጉ። ከ1 ሚሊዮን ቢት 1 ስህተት የሚል ውጤት እንዲታመን ቢያንስ 100 ያህል ስህተት መቆጠር አለበት፤ ይህም 100 ሚሊዮን ቢት መላክ ማለት ነው። ከዚያ በጣም ያነሰ ከሆነ የግራፉ ታችኛው ጫፍ ላይ ያለው መስመር ዕድል ያወዛወዘው ሊሆን ይችላል።

በሥነ ምግብ ጥናት ነገሩ የሚበላሸው ገና ከዕድሜው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አፍላ ወጣት የሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ነው። በዚህ ዕድሜ አካል በፍጥነት ስለሚለወጥ ለአዋቂ የተሠሩት የቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል) ወሰኖች፣ 18.5ና 25፣ አይሠሩም። ጥናቱ ድርጅቱ በ2007 ያወጣውን የዕድሜና የጾታ ማነጻጸሪያ ተጠቅሞ ውጤቱን በዚ-ስኮር (ልጁ ከእኩዮቹ አማካይ በስንት መደበኛ ልዩነት እንደራቀ በሚያሳይ ቁጥር) ማቅረብ አለበት፤ ከ−2 በታች ቅጥነት፣ ከ+1 በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ+2 በላይ ውፍረት ነው። ዕድሜ በወር ካልተሰላና «14 ዓመት» ተብሎ ብቻ ከተያዘ፣ ልክ 14 የሞላውና 15 ሊሞላው አንድ ወር የቀረው ልጅ አንድ ይሆናሉ። ቁመትና ክብደት ተለክተው ነው ወይስ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተናግረው? ጫማ ወልቋል? ልኬቱ ሁለት ጊዜ ተወስዷል? እነዚህን ዘዴው ውስጥ ይፈልጉ።

የ24 ሰዓት የምግብ ትውስታ የሚባለው ዘዴ አንድ ቀን ብቻ ከተወሰደ የቡድኑን አማካይ ይሰጣል እንጂ የአንድን ልጅ የተለመደ አመጋገብ አያሳይም። ቢያንስ ከናሙናው ከፊሉ ያልተከታተሉ ሁለት ቀናት ሊጠየቁ ይገባል፤ የእረፍት ቀናትም መካተት አለባቸው። ከ10 የምግብ ምድቦች 5ና ከዚያ በላይ የሚለው የአመጋገብ ስብጥር መለኪያም የተዘጋጀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። ለ12 ዓመት ወንድ ልጅ ያዋለው ጥናት ለምን እንዳደረገው ማስረዳት አለበት።

ሄሞግሎቢን ሲለካ የጣት ደም ጠብታ ጣትን ጨምቆ ከወጣ ከቲሹ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል፤ ውጤቱም ዝቅ ሊል ይችላል። ለደም ማነስ የሚያገለግለው ወሰን 12 ዓመት ለሞላቸውና እርጉዝ ላልሆኑ ልጃገረዶች በዴሲሊትር 12 ግራም፣ 15 ዓመት ለሞላቸው ወንዶች 13 ግራም ነው። ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በተፈጥሮ ስለሚጨምር ማስተካከያ መደረጉን ያረጋግጡ፤ ካልተደረገ የደም ማነሱ መጠን ካለው ያነሰ ይመስላል። ደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ነው፤ እሱም ሰውነት ውስጥ ብግነት ካለ ከፍ ስለሚል የብግነት ምልክት አብሮ መለካት ይኖርበታል።

3. የናሙናውን ብዛት ራስዎ ያስሉ

ብዙ ጥናቶች ላይ 384 ወይም 385 የሚል ቁጥር ያያሉ። የመጣው ከዚህ ነው፦ 1.96 በራሱ ሲባዛ 3.8416፤ ይህ በ0.5ና በ0.5 ተባዝቶ ለ0.0025 (0.05 በራሱ ሲባዛ) ሲካፈል 384.16 ይሆናል። 1.96 የ95 በመቶ መተማመኛ፣ 0.5 የ50 በመቶ ግምት፣ 0.05 ደግሞ የ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ነው። ስሌቱ የሚሠራው ሰዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ ሲመረጡ ነው። መጀመሪያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ክፍል፣ ከዚያ ተማሪ ከተመረጠ፣ የአንድ ክፍል ልጆች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ በ1.5 ወይም በ2 መባዛት ይኖርበታል፤ በ2 ሲባዛ 770 ይደርሳል። ምላሽ ለማይሰጡም ተጨማሪ ይያዝለታል።

ይኸው ሐሳብ ሌሎቹ ዘርፎች ላይም ይሠራል። በ10 አለቆች ሥር ያሉ 300 ሠራተኞች ስለ አለቃ ዘይቤ ሲጠየቁ፣ ስለ አለቆች ያለው ናሙና 10 ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ 1,000 ጊዜ የሲግናል ጥንካሬ የለካም ስለ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ማን እንደቀረ ይጠይቁ። የሠራተኞች መጠይቅ ተማርረው የለቀቁትን አያገኝም። በትምህርት ቤት የተደረገ ጥናት ትምህርት ያቋረጡትን አያይም። ግንኙነቱ በተቋረጠ ጊዜ የማይመዘግብ የኔትወርክ መለኪያም መጥፎዎቹን ቦታዎች ራሱ ይጥላቸዋል። በሦስቱም ውጤቱ ከእውነታው የተሻለ መስሎ ይታያል።

4. «ጉልህ ነው» ከማለት በፊት መጠኑን ይመልከቱ

ፒ-ቫልዩ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል) ከ0.05 ያነሰ መሆኑ ውጤቱ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። 0.30 የሆነ ተዛምዶ ሲነሣ ተራው አንባቢ 30 በመቶ አድርጎ ይወስደዋል፤ በራሱ ሲባዛ ግን 0.09 ነው፤ አንዱ ተለዋዋጭ የሌላውን ልዩነት 9 በመቶ ብቻ ያብራራል።

የኦድስ ሬሾም (በየቡድኑ ችግሩ ያለባቸው ለሌለባቸው ተካፍለው የሚገኙት ሁለት ቁጥሮች ምጥጥን) እንዲሁ ያሳስታል። ቁርስ ከማይበሉት 40 በመቶ፣ ከሚበሉት 25 በመቶ ደም ማነስ ቢኖርባቸው፣ ኦድስ ሬሾው 2.0 ነው፤ የተጋላጭነቱ ንጽጽር ግን 40 ለ25 ሲካፈል 1.6 ነው። «ሁለት እጥፍ ተጋላጭ ናቸው» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን የመተማመኛ ክልልም፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ሊኖርበት የሚችለውን ስፋት፣ ያንብቡ፤ ከ1.05 እስከ 6.8 የሚዘረጋ ክልል ስለ መጠኑ ብዙም እንደማይታወቅ ይናገራል።

5. «አስከተለ» እና «ተያይዟል» የሚሉትን ይለዩ

መረጃው በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ ከሆነ የትኛው እንደቀደመ አይታወቅም። የረካ ሠራተኛ አለቃውን በበጎ ዓይን ያያል፤ ጥሩ አለቃም ሠራተኛውን ያረካል፤ መጠይቁ ሁለቱን አይለይም። ቁርስ አለመብላትና ደም ማነስም ከአንድ የቤተሰብ ድህነት ሊመነጩ ይችላሉ። ስለዚህ ጥናቱ የትኞቹን አደናጋሪ ተለዋዋጮች (ሁለቱንም ነገሮች የሚነኩ ሌሎች ምክንያቶች) እንዳስተካከለ ከሠንጠረዡ ይዘርዝሩ፤ ለዚህኛው ምሳሌ የቤተሰብ ገቢ፣ የወር አበባ፣ የአንጀት ጥገኛ ትልና ወባ ካልተጠቀሱ ክፍተቱ ትልቅ ነው። ሲሙሌሽን በተቃራኒው ሁሉንም አስሮ አንዱን ብቻ መቀየር ስለሚችል ምክንያቱን በደንብ ይለያል፤ ድክመቱ የቀየረው ዓለም የተሠራ ዓለም መሆኑ ነው።

6. በአንድ ገጽ ይመዝግቡ

ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ ገጽ ያዘጋጁና እነዚህን ይሙሉ፦ ጥያቄው፣ መለኪያውና ድክመቱ፣ የናሙናው ብዛትና ማን እንደቀረ፣ ዋናው ቁጥር ከመተማመኛ ክልሉ ጋር፣ ሊባል የሚችለው፣ ሊባል የማይችለው፣ ገንዘቡን የሰጠው። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ተሰርዞ እንዳልሆነም የመጽሔቱን ገጽ ከፍተው ያረጋግጡ። ብዙ ዘርፍ የሚያትም መጽሔት በራሱ መጥፎ አይደለም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ አትማለሁ ብሎ ቃል የሚገባና ክፍያውን የሚደብቅ ከሆነ ግን ጽሑፉ በባለሙያ መገምገሙ ያጠራጥራል።

ከተቻለ ሌላ ሰው ያንኑ ጥናት ለብቻው አንብቦ ገጹን ይሙላ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የተለያያችሁበት መስመር ላይ መጀመሪያ ወደ ዘዴው ክፍል ይመለሱ፤ እዚያ መልስ ካልተገኘ የጥናቱ ጸሐፊ ጽሑፉ ላይ ባስቀመጡት አድራሻ መጠይቁን ወይም ጥሬ መረጃውን መጠየቅ ይቻላል።